ከደጃፋችን የቆሙት ዛፎች የማን ናቸው?



ባለፈው ዓመት በወርኃ የካቲት ከአባሎቻችን በአንዱ ቤት ሐዘን ደርሶ፣ ድንኳናችንን በአይሱዙ ጭነን ከከተማው ዳር ወዳለ አዲስ የኮንዶሚኒየም መንደር መሄዳችን ይታወሳል። ሟቹ ወንድማችን ከሰፈራችን ወጥተው ከልጃቸው ጋር መኖር ከጀመሩ ገና ሁለተኛ ዓመታቸው ነበር፤ የእድር መዋጮአቸውን ግን አንድም ወር አላጎደሉም። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ሞላና የተረፍነው ከውጭ ወንበር ዘርግተን ተቀመጥን። ስድስት ሰዓት ሲሆን ፀሐይ አናታችን ላይ ቆመች። ፎቁ ጥላውን ከራሱ ግርጌ ሰብስቦ ይዞታል፤ መሬቱ ጠጠርና ኮብልስቶን ነው፤ ዓይን እስከሚያይ ድረስ አንድ ዛፍ የለም። ሽማግሎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ወንበራቸውን እየጎተቱ ከግድግዳው ሥር ተሰለፉ። ሐዘንተኛ ሊያጽናና የሄደው ሰው ራሱ ውኃ ውኃ ይል ጀመር። በዚህ መኻል አንድ አንጋፋ አባላችን፣ «እኛ ሰፈር ቢሆን እኮ ይኼኔ ከግራቪሊያው ሥር ነበርን» አሉ።

ይህ በሆነ ወር ሳይሞላ በተጠራው ጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ ግን በመንገዳችን ግራና ቀኝ የቀሩት ዛፎች ይቆረጡ የሚል ሐሳብ ቀረበ። የቀረበው ምክንያት ሐሰት አልነበረም። ቅጠሉ አሸንዳ ይደፍናል፤ ሥሩ የሁለት ቤት አጥር አንስቷል፤ ቅርንጫፉ የመብራት ሽቦ ይነካል፤ መኪና ያለው ሰው መኪናውን ማዞር ይቸገራል። ብዙ ክርክር ከተደረገ በኋላ አንድ ወጣት አባል ተነሥቶ፣ «ለመሆኑ እነዚህን ዛፎች ማን ተከላቸው? የማንስ ናቸው?» ብሎ ጠየቀ። ከኮሚቴው ጠረጴዛ እስከ በሩ ድረስ የመለሰለት ሰው አልተገኘም። ነገሩም ለመጪው ጉባኤ እንዲያድር ተደረገ። እኛ ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት የጨረስን ሰዎች ስለሆንን፣ ጥያቄ ፋይል ሳይከፈትለት ሲቀር አያስችለንም። ትምህርታችን ከአንደኛ ደረጃ ያላለፈ ቢሆንም፣ ካነበብነውም፣ ካየነውም፣ ከእድራችን ቃለ ጉባኤ መዝገብም ያገኘነውን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

ነገሩን ከሥሩ ለመጀመር ከሰፈራችን ርቀን ወደ እንጦጦ መውጣት ግድ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ከተማቸው እንጦጦ ተራራ ላይ ነበረ። እንጦጦ ለምሽግነት የተመቸ ይሁን እንጂ ብርዱና ነፋሱ አይጣል ነው፤ እንጨቱም እያደር ተመናመነ። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከፍል ውኃው አጠገብ ቤት አሠርተው ቦታውን አዲስ አበባ አሉት። መኳንንቱም ሠራዊቱም እያደር ተከትሎ ወረደ። እንግዲህ አስቡት፤ የያኔው ቤት ማገሩም ቋሚውም እንጨት ነው፤ አጥሩ እንጨት ነው፤ እንጀራው የሚጋገረው፣ ጠላው የሚጠመቀው በእንጨት ነው። ሜዳ ላይ የሰፈረ ከተማ ሌት ተቀን እንጨት ሲያነድ በአካባቢው ያለው ጽድና ወይራ ምን ያህል ይቆየዋል? አለቀ። እንጨት ከሩቅ በሰውና በአህያ ጀርባ መምጣት ጀመረ።

በቀደመው ዘመን እንዲህ ያለ ጊዜ መፍትሔው ቀላል ነበር፤ ድንኳን ነቅሎ ደን ወዳለበት መሄድ። ነገሥታቶቻችን ከቦታ ቦታ ይዘዋወሩ ከነበረባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው የማገዶ ነገር ነው። ምኒልክም በ1893 ዓ.ም. ግድም ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው አዲስ ዓለም ለመዛወር ቆርጠው ቤተ መንግሥት አስጀመሩ። ኋላ ግን ሐሳባቸውን ለወጡ፤ የተጀመረው ቤተ መንግሥትም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከተማዋ ለምን ሳትነቀል ቀረች ቢባል ሁለት ምክንያት እናያለን። አንደኛው፣ መኳንንቱም፣ ነጋዴውም፣ የውጭ አገር ሌጋሲዮኖችም እዚሁ በድንጋይ መሥራት ጀምረው ስለነበር ጥሎ መሄድ ኪሳራ ሆነባቸው። ሁለተኛው ባሕር ዛፍ ነው።

ባሕር ዛፍ አገሩ አውስትራልያ ነው። ከባሕር ማዶ ስለመጣ ስሙም ባሕር ዛፍ ሆነ። ወደ አገራችን የገባው በ1887 ዓ.ም. ግድም ሲሆን፣ ያስመጣው የምኒልክ አማካሪ የነበረው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ነው እየተባለ ይነገራል። አገር በቀሉ ጽድ ለአቅመ ቤት እስኪደርስ ተካዩ ያረጃል፤ ባሕር ዛፍ ግን በስድስትና በሰባት ዓመት ለአጣናና ለማገር ይደርሳል፤ ተቆርጦም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ሰው ይህን ሲያይ በየግቢው ተከለው። ጥቂት አሥርት ዓመታት ሳያልፉ ያ ሜዳ የነበረ ከተማ ከሩቅ ሲያዩት ጫካ መሰለ። ሥሩ ውኃ ይመጥጣል፣ ከሥሩም ሌላ አያበቅልም የሚለው ስሞታም ያኔውኑ ተነሥቷል፤ በ1905 ዓ.ም. ግድም ከባሕር ዛፉ ሁለት ሦስተኛው ተነቅሎ ቅጠሉ ለሐር ትል ቀለብ በሚሆነው ዛፍ እንዲተካ ታዞ ነበር። ሕዝቡ ግን ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። ምጣዱን በሐር አይጋግር ነገር!

ለእኛ ለእድርተኞች ደግሞ ባሕር ዛፍ የተለየ ውለታ አለው። አስፋልትና የሬሳ መኪና ባልነበረበት ጊዜ ቃሬዛው የሚበጀው ከባሕር ዛፍ ነበር። የእድራችን የመጀመሪያው ድንኳን ሲገዛ ቋሚዎቹ በሙሉ ከአጣና ተራ የመጡ የባሕር ዛፍ አጣናዎች ነበሩ፤ አሁን ያሉት የብረት ቱቦዎች ኋላ የተተኩ ናቸው። ከአሮጌዎቹ አጣናዎች ሁለቱ ዛሬም ከዕቃ ቤታችን ጣሪያ ሥር አሉ፤ ማየት የፈለገ ዕቃ ግምጃ ቤቱን ይጠይቅ።

ይሁን እንጂ ያ ሁሉ ባሕር ዛፍ የቆመው ከአጥር ውስጥ መሆኑን ልብ በሉልን። የጌታው ወይም የእመቤቲቱ ነው፤ ቢቆረጥ ለእርሷ ምጣድ፣ ቢሸጥ ለእርሷ ገንዘብ ነው። ከአጥር ውጭ፣ ከመንገድ ዳር፣ ማንም ለማይሸጠውና ማንም ለማያነደው ዛፍ ጉድጓድ መቆፈር ሌላ ነገር ነው። ይህ በከተማችን የተለመደው በኋላ ነው፤ እርሱም ቢሆን በሰፋፊው ጎዳና ዳር ማዘጋጃ ቤት በሚያስተክለው ነበር። ከግንቦት በፊት ሐምራዊ አበባውን አስፋልት ላይ የሚያነጥፈውን ጃካራንዳ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ይህም ከደቡብ አሜሪካ የመጣ እንግዳ ነው። ወደ ውስጥ ሰፈር፣ ወደ ጭቃው መንገድ ግን ይህን የሚያመጣ አልነበረም።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ የሚሰጠውም ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ወሰነ። ከዚያ በኋላ ቤት የሌለው ሠራተኛ በማኅበር እየተደራጀ ቦታ መመራት፣ ከቤትና ቁጠባ ባንክ መበደር ያዘ። የእኛም ማኅበር በ1970ዎቹ አጋማሽ ከመገናኛ ወዲያ ያለውን ይህን ቦታ ተመራ። ያኔ ገና የሃያ አምስት ዓመት ጎረምሳ ጸሐፊ ነበርን። ስንመጣ ቦታው የጤፍ ማሳ ነበር፤ ገለባው እንኳ አልተነሣም። አፈሩ ዋልካ ነው። ክረምት ጫማ ያወልቃል፤ በበጋ ተሰነጣጥቆ የልጅ እግር ይውጣል። ሲሚንቶ ለማግኘት የቆምንባቸውን ሰልፎች ብንጽፍ ይህች መጽሔት አትበቃም፤ እንለፈው። በመጨረሻ በመንገዱ ግራና ቀኝ 24 ቤቶች ቆሙ። ቤቶቹ አንድ ዓይነት፣ ቆርቆሮው የሚያብለጨልጭ፣ ዙሪያው ባዶ ነበር። በበጋ ነፋስ ሲነሣ አቧራው ወጥ ውስጥ ይገባ ነበር። ከእናቶቻችን አንዷ «ቤት ሠራን እንጂ ሰፈር መቼ ሠራን» ያሉትን አንረሳውም።

በቃለ ጉባኤው መዝገብ ላይ እንደሚታየው ችግኝ ይተከል ተብሎ የተወሰነው በሰኔ ወር ነው። ውሳኔው ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ አባወራ ከደጁ፣ ከአጥሩ ሁለት እርምጃ ወጣ ብሎ ጉድጓድ እንዲቆፍር፣ ማኅበሩ ደግሞ ችግኙን እንዲያመጣ ይላል። የተጻፈው በእኛው እጅ ስለሆነ ክርክሩን ማሳጠራችንን እናምናለን። በእርግጥ የሦስት ሰዓት ጭቅጭቅ ነበር። «ከአጥር ውጭ ለምን? ለፍቼ ለመንገደኛ?» ያለ ብዙ ነው። «ከተተከለማ ባሕር ዛፍ ይሁን፣ ነገ ይሸጣል» ያለም ነበር። ይህን የመለሱት ነፍሳቸውን ይማርና አንድ የግንባታ ባለሙያ አዛውንት ናቸው። «ልጆቼ፣ በዋልካ ላይ የቆመ ቤት አጠገብ ባሕር ዛፍ አትትከሉ። ዋልካ ውኃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸሻል። ባሕር ዛፉ ውኃውን ሲመጥጠው ግድግዳችሁ ይሰነጠቃል» አሉ። ይህ አነጋገራቸው ብዙ ቤት አድኗል ብንል ማጋነን አይሆንም። ግራቪሊያ፣ ጃካራንዳና ጥቂት የፈረንጅ ጽድ መጣ።

የተከልነው በሐምሌ ነው። ዝናብ ነበርና ሁሉም ያዘ፤ እጅግም ደስ አለን። ኅዳር ላይ ዝናቡ ቆሞ ዋልካው መሰንጠቅ ሲጀምር የችግኙን ሥር አብሮ ይበጥሰው ጀመር። ፍየል የበላው አለ፤ ልጆች ለዱላ የነቀሉት አለ፤ ሌሊት ተነቅሎ በማግሥቱ ከራሱ ከባለቤቱ አጥር ውስጥ የተገኘም አለ፤ ስሙን ማንሣት አያስፈልግም፣ ዛፉ ራሱ ዛሬ ከጣሪያው በላይ ሆኖ ይመሰክርበታል። በጥር ወር ኮሚቴው ሲቆጥር ከ24ቱ የቀሩት 9 ነበሩ።

እነዚያን ዘጠኙን ለምን ሞት እንዳልነካቸው ያኔ የጠየቀ አልነበረም። አሁን ግን ወደ ኋላ ስናስበው ነገሩ ግልጽ ነው። ውኃ የሚቀዳው ከአንድ ቦኖ ነበር፤ ወረፋው ረዥም፣ ባልዲው ውድ ነው። ንጹሕ ውኃ ለዛፍ የሚያፈስ እብድ አልነበረም። የተረፉት ችግኞች የነበሩት የእጅ መታጠቢያውን፣ የጤፍ ማጠቢያውን፣ የልጅ ገላ የታጠበበትን ውኃ በጓሮ ከመድፋት ይልቅ ወደ ደጅ ይዘው የሚወጡ ሴቶች ባሉበት ቤት ብቻ ነው። ስለዚህ አባወራው ቆፍሮ ተከለ ተብሎ በመዝገብ ተጽፏል፤ ያሳደገችው እማወራዋ ግን በመዝገባችን የለችም። ይህን ጉድለት የጻፈው እጅ የእኛ ስለሆነ እዚህ ላይ ማረማችን ተገቢ ነው።

ከሁሉ የበለጠው ከመንገዱ መኻል ያለው ትልቁ ግራቪሊያ ነው። ባለቤቷ ልጅ ያልወለዱ እናት ነበሩ። ሁለት በጋ ሙሉ በየማታው አንድ ጣሳ ውኃ ያወርዱለት ነበር፤ ዙሪያውን በእሾህ አጥረው፣ ግርጌውን በገለባ ሸፍነው። ከሦስተኛው ዓመት ወዲህ ውኃ አልፈለገም። በዚያ ዛፍ ሥር ስንት የእድር ሸንጎ እንደተቀመጠ፣ ስንት ድንኳን እንደተተከለ፣ ስንት ባልና ሚስት እንደታረቀ ቁጥር የለውም። እኒሁ እናት ሲያርፉም ለቀስተኛው የተቀመጠው እዚያው ነበር። የእድራችን አባል ሆኖ ከዚያ ጥላ ሥር ንፍሮ ያልቀመሰ ያለ አይመስለንም።

ስለ ሌሎቹ ስንናገር ደግሞ ራሳችንንም አንምርም። ከዘጠኙ ዛሬ የቀሩት 5 ናቸው። አንዱን የክረምት ነፋስ ጣለው፤ ግራቪሊያ ቅርንጫፉ ተሰባሪ ነው። ያ ዛፍ በወደቀ ጊዜ ሁላችን ዛፉን ረገምን፤ ነገር ግን ከመውደቁ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ስሙን የማናነሣው መሥሪያ ቤት የቱቦ ቦይ ሲያስቆፍር በአንድ ወገን ያለውን ሥር ጨርሶ ቆርጦት ነበር። ቦዩ ሲደፈን ቆመን አይተናል፤ ያኔ ማንም ቃል አልተነፈሰም። ሁለተኛው ሱቅ ሲከፈት ተቆረጠ። ሦስተኛው ደረቀ። አራተኛው የእኛ ነው። ጃካራንዳ ነበር። ልጃችን መኪና ሲገዛ መግቢያ ጠበበው፤ እኛም ሳናመነታ በመጥረቢያ ጣልነው። ከጉቶው ሲያቆጠቁጥ ዳግመኛ ቆረጥነው፤ ከዚያም ሊሾ አስደረግንበት። ልጃችን ዛሬ ውጭ አገር ነው፤ መኪናውም ተሽጧል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ፊት ለፊት ስለምትመታን ከበራችን መቀመጥ ትተን ወንበር ይዘን ከጎረቤት ጥላ ሥር እንሄዳለን። ጎረቤታችን ጨዋ ስለሆኑ ምንም አይሉም።

እንግዲህ ወጣቱ ወደጠየቀን ጥያቄ እንምጣ። መሬቱ በ1967ቱ አዋጅም፣ በ1987ቱ ሕገ መንግሥትም የግል አይደለም። ጉድጓዱን የቆፈሩት አባወራዎች ናቸው። ችግኙን ያመጣው ማኅበሩ ነው። ውኃውን ያጠጡት ሴቶቹ ናቸው። ጥላው የሁላችን ነው፤ ቅጠሉ ግን የሚወድቀው በአንድ ሰው አሸንዳ ላይ ነው። ክርክራችን የከረረው ከዚህ የተነሣ ይመስለናል፤ ጥቅሙ ለመንገዱ ሁሉ ሲዳረስ ጉዳቱ በሁለትና በሦስት ቤት ላይ ተጭኗል። አሸንዳው የተደፈነበት ወንድማችን የተናደደው በከንቱ አይደለም። እኛን ብትጠይቁን፣ አጥሩን ማሳደስና በዓመት ሁለት ጊዜ አሸንዳውን ማስጠረግ ከእድሩ ሣጥን ቢወጣ፣ ሽቦ የሚነካውንም ቅርንጫፍ የመብራት ሠራተኛ መጥቶ ቢከረክመው ዛፉን መቁረጥ ባላስፈለገ ነበር። ይህ የእኛ አስተያየት ነው፤ ውሳኔው የጉባኤው ነው።

ስለ መትከልማ ዛሬ ችግር የለም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን በመላው አገሪቱ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ሲነገር ሰምተናል፤ ከዚያ ወዲህም በየክረምቱ ይተከላል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የኮሪደር ልማት በደረሰባቸው ጎዳናዎች ዳር ዛፍ ተተክሎ በቦቴ ውኃ ሲጠጣ እናያለን። ቦቴው ግን የሚሄደው በአስፋልቱ ነው። በውስጥ ለውስጥ መንገድና ከከተማው ዳር በተሠሩት መንደሮች ከጥቅምት እስከ ግንቦት ድረስ ውኃ የሚያወርድ ሰው ከሌለ የሐምሌው ችግኝ የጥር ጭራሮ ነው። በዚያ ላይ በአዲሱ መንደር ነገሩ ከእኛም ይከብዳል። እኛ ደጅ ነበረን። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሰው ግን የቱ ነው ደጁ? የእጅ መታጠቢያው ውኃ በቱቦ ወርዶ ይሄዳል እንጂ በጣሳ አይወጣም። ግቢው የሁሉም ነው፤ የሁሉም የሆነ ደግሞ ባልዲ የሚያነሣለት ማን ነው?

ዛፍ የሚመርጥ ካለ ከገጠመን እናካፍል። ከሽቦ ሥር ግራቪሊያ አይተከል፤ ቁመቱ ከሽቦው ያልፋል። ዋልካ ላይ ባሕር ዛፍ ከቤት ይራቅ፤ አዛውንቱ ያሉትን አስታውሱ። ወይራ ይዘገያል እንጂ ጠንካራ ነው። ዋንዛ ጥላው ሰፊ ነው፤ ፍሬውን ልጆች ይበሉታል፣ አበባውን ንብ ይወደዋል። ጉድጓዱ ሰፋ ይበል፤ ከዋልካው ጋር ፍግና አሸዋ ቢደባለቅበት መሰንጠቁ ይቀንሳል። በበጋ ግርጌውን በገለባ ወይም በሣር መሸፈን አይረሳ።

የሟቹ ወንድማችን ሐዘን ካለፈ በኋላ በሰኔ ወር ከእድራችን አምስት ሰዎች ሆነን ወደዚያው መንደር ተመልሰን ነበር። ስድስት የዋንዛና ሦስት የወይራ ችግኝ ይዘን ሄደን ድንኳናችን ተተክሎበት ከነበረው ቦታ ዙሪያ ከነዋሪዎቹ ጋር ተከልን። በዚህ ዓመት በየካቲት ለሙት ዓመቱ ስንሄድ ቆጠርናቸው፤ አራት ቀርተዋል። ሦስቱ ዋንዛ፣ አንዱ ወይራ ነው። ከሕንጻው ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ እንደሚመጣ ነገሩን። የሟቹ ልጅ ከሦስተኛ ፎቅ ባለ አምስት ሊትር ጄሪካን ይዞ እየወረደ አራቱን ያጠጣል። ልብስ የታጠበበትን ሁለተኛ እጣቢ ነው የሚያወርደው፤ የመጀመሪያው ሳሙና ይበዛበታል ብሎ። ጎረቤቶቹ መጀመሪያ ይስቁበት ነበር አለን። አሁን ግን ከምድር ቤት ያለች አንዲት ሴት እርሱ ሥራ ሲውል ተራውን ትይዝለታለች። ትልቁ ዋንዛ እስከ ጉልበታችን ደርሷል።